«ሥልጣን የለኝም» ሲባል፦ የወንጀል መዝገብን ወደ ትክክለኛው ፍርድ ቤት የማድረሻ መንገዶች ሲነጻጸሩ

«መዝገቡ ይዛወርልኝ» የሚል ማመልከቻ ለማስጻፍ ከራፖር ጸሐፊ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። የወረዳው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት የማይችለው ለምንድን ነው? ወንጀሉ ከደረጃው በላይ ስለሆነ ነው? የተፈጸመው ሌላ ወረዳ ውስጥ ስለሆነ ነው? ወይስ ጉዳዩ የፌዴራል ስለሆነ? ሦስቱም «ሥልጣን የለም» ይባላሉ፤ መውጫቸው ግን ለየቅል ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ይህ ግራ መጋባት ቢበዛ አይገርምም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ዙሪያ የደሴ ከተማ፣ የደሴ ዙሪያ፣ የኮምቦልቻ ከተማና የቃሉ ወረዳ ተጎራብተዋል። ከቃሉ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይጀምራል፤ ዋና ከተማው ከሚሴ ነው። ባቲን አልፈው ሲወርዱ ደግሞ አፋር ይገባሉ። ኮምቦልቻ በዚያ ላይ ጉምሩክና ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ የፌዴራል ጉዳይ አይጠፋባትም።

ከዚህ በታች «የሥነ ሥርዓት ሕጉ» የምለው የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። «የወንጀል ሕጉ» የምለው ደግሞ የ1996ቱን።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ያወዳደርኩት በአምስት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያውን ከሌሎቹ አስበልጬ ነው የማየው።

አንደኛ፦ የታሰረ ሰው አለ? ካለ፣ መዝገቡ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ሰውየው በማን ትዕዛዝ ነው የሚቆየው? ሁለተኛ፦ የተሰማው ምስክር ይተርፋል ወይስ እንደ አዲስ ይሰማል? ሦስተኛ፦ ውሳኔው በማን እጅ ነው? በዳኛው፣ በዐቃቤ ሕጉ ወይስ በበላይ ፍርድ ቤት? አራተኛ፦ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ወዲያው ይግባኝ ይባልበታል? አምስተኛ፦ ምን ያህል ያስወጣል?

ስለ አምስተኛው ቶሎ ልበልና ልለፍ። ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው የወንጀል ክስ ላይ ተከሳሽ እንደ ፍትሐ ብሔር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ወጪው የጠበቃ፣ የግልባጭ፣ የማስጻፊያና የትራንስፖርት ነው። ከሁሉም የሚያስመርረው ግን ከሥራ የሚያስቀረው ቀጠሮ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት

የደረጃ ችግር የሚታወቀው ከክሱ ላይ ነው። ክሱ ላይ የተጠቀሰውን የወንጀል ሕግ ቁጥር እስከ ንዑስ ቁጥሩ አንብቡት። አንዷ ንዑስ ቁጥር ብዙ ነገር ትለውጣለች። ለምሳሌ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሐረጎ ላይ አንድ ሹፌር ሰው ገጨና ሞተበት እንበል። ክሱ በቁጥር 543(2) ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው። ሟቾቹ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሷል ከተባለ ግን 543(3) ይመጣል፤ እሱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። መንገዱ ያው፣ መኪናው ያው፤ የሚያየው ፍርድ ቤት ግን ሊለያይ ይችላል። የትኛው ቁጥር በወረዳ፣ የትኛው በከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚታይ የክልሉ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ይወስናል። ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራው ነው።

ደረጃው መሃል መንገድ ላይ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ይህ ብዙ ቤተሰብ ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣሉ እንበል። አንዱ በዱላ ተመታ፤ የሐኪም ማስረጃው ቀላል ጉዳት አለው። ክሱ በ556፣ ማለትም በቀላል የአካል ጉዳት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ተከፈተ። ከሳምንታት በኋላ ተጎጂው ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። አሁን ጉዳዩ የሰው ግድያ ነው። ተራ የሚባለው ግድያ እንኳ በቁጥር 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ያስቀጣል። የወረዳው ዳኛ ይዞ ሊቀጥል አይችልም፤ ጉዳዩ ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዋስትናውም አብሮ ይናጋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ዋስትናን የሚፈቅደው ወንጀሉ ሞት ወይም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ ተጎጂውም የሚሞት የማይመስል ሲሆን ነው። ስለዚህ የተጎጂው ጤና ለተከሳሽ ቤተሰብም የዕለት ዜና ነው። «ተሽሎት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ለእርቅ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

የቦታ ችግር ቀለል ይላል። መነሻው የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 99 ነው፦ ወንጀል የሚታየው በተፈጸመበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት ነው። ከሱ ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣሉ። ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ከሁለትና ከሦስት አካባቢ የትኛው እንደሆነ በትክክል ካልታወቀ፣ ከነዚያ በአንዱ ሊታይ ይችላል። ኮምቦልቻ መጋዘን ተሰብሮ ዕቃው ደሴ ሸዋ በር ሱቅ ውስጥ ቢገኝ ስርቆቱ የኮምቦልቻ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ገዝቷል የተባለው የደሴ ነጋዴ ጉዳይ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ከስርቆቱ ጋር ተያይዞ ይታይ ወይስ ለብቻው? እዚህ ላይ «እኔ የደሴ ሰው ነኝ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ዋናው መነሻ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ እንጂ የተከሳሹ መኖሪያ አይደለም።

የደሴ ከተማና የደሴ ዙሪያ ወረዳ ፍርድ ቤቶችም አንድ አይደሉም። ስማቸው ስለሚመሳሰል መጥሪያ ተቀብሎ የተሳሳተ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ የሚያረፍድ ሰው አለ። መጥሪያው ላይ ያለውን ማኅተም እዩ።

የፌዴራል ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ኮንትሮባንድ ዋናው ምሳሌ ነው። በባቲ መስመር የመጣ ልባሽ ጨርቅ ኮምቦልቻ ላይ ቢያዝ ጉዳዩ የፌዴራል ወንጀል ነው። ያ ማለት ግን ሰውየው አዲስ አበባ ይወሰዳል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ያደርጋል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መዝገብ ወረዳ ላይ ቢከፈት ቦታው አይደለም፤ ዞን ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይግባኙም መስመሩ የተለየ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ የወሰነው ወደ ክልሉ ጠቅላይ፣ የክልሉ ጠቅላይ በፌዴራል ጉዳይ የወሰነው ደግሞ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አንድ ማሳሰቢያ። ለዋናው ክርክር ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ለጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ ለሚሰጠው የእስር ቀጠሮ፣ ሥልጣን ሊኖረው ይችላል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ያ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ የወረዳው ነው። ከባድ ግድያም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች እዚያ ናቸው፤ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በዚያ ደረጃ «ሥልጣን የለህም» ብሎ ዳኛውን መሞገት ጊዜ ማባከን ነው። ክርክራችሁን በምርመራው መጓተትና በዋስትናው ላይ አድርጉት።

አማራጮቹ

*ሀ. መቃወሚያ ማንሳት*

ክሱ ለተከሳሹ ይነበብለታል፤ ከዚያ ዳኛው መቃወሚያ እንዳለው ይጠይቃል። ያን ጊዜ ነው የሚነሳው። የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ረጅም ድርሰት አያስፈልግም፦ የክሱ ቁጥር፣ የሚያስቀጣው መጠን፣ ወይም ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀበሌ፣ ከዚያም ፍርድ ቤቱ ለምን ሊያየው እንደማይችል። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ክሱን ያቀረበው ዐቃቤ ሕግ መልስ ይሰጥበትና ብይን ይሰጣል።

ዳኛው ከተቀበለው መዝገቡን ይዘጋል፤ ዐቃቤ ሕግም ክሱን ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ያቀርባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ተዘጋ» ማለት «ነፃ ወጣ» ማለት አይደለም። ጥፋተኝነቱ አልተመረመረም፤ ስለዚህ ክሱ ሌላ ቦታ ቢከፈት «በአንድ ወንጀል ሁለቴ ተከሰስኩ» አይባልም። መዝገቡ ተዘጋ ሲባል እልል ብሎ ማረሚያ ቤት በር ላይ የሚጠብቅ ዘመድ በኋላ ይከፋዋል።

ሁለተኛው የታሰረው ሰው ጉዳይ ነው። መዝገቡ ሲዘጋ ዳኛው ስለ እስሩ ወይም ስለ ዋስትናው በግልጽ ትዕዛዝ እንዲሰጥ እዚያው ችሎት ላይ ጠይቁ። «ክሱ እስኪቀርብ» የሚባለው ነገር ቀን ካልተቆረጠለት ይለጠጣል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 109 ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን የምርመራ መዝገብ በተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ይላል። ይህንን ማስታወስ ይጠቅማል።

ውድቅ ቢሆንስ? ቁጥር 184 በመቃወሚያ ላይ በተሰጠ ብይን መሃል ላይ ይግባኝ አያስኬድም። ነጥቡ አይሞትም፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ ከይግባኙ ጋር አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ብይኑ በመዝገብ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

*ለ. በዐቃቤ ሕግ በኩል ማስተካከል*

ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው። ለኔ ግን ስህተቱ ግልጽ ሲሆን ከሁሉም ቀድሞ መሞከር ያለበት እሱ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ ላይ መሠረታዊ ስህተት ካለ ከፍርድ በፊት እንዲሻሻል ይፈቅዳል (118 እና 119)። ቁጥር 122 ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ክስ እንዲያነሳ መንገድ ይሰጣል፤ ከከባድ ግድያና ከከባድ ውንብድና በቀር። ለተጎጂ ቤተሰብ ይህ ዋናው በር ነው። እናንተ በወንጀል ክርክሩ ተከራካሪ አይደላችሁም፤ መቃወሚያ ማቅረብ አትችሉም። ዐቃቤ ሕጉን ማናገር ግን ትችላላችሁ። አዲስ የሐኪም ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ ወይም ቦታውን የሚያሳይ መረጃ ካላችሁ ወደ እሱ ቢሮ ውሰዱ። ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ዋናውን «ሲመለስ እወስዳለሁ» ብሎ አስረክቦ መውጣት የሚያስከትለውን ፍለጋ አትፈልጉትም።

ደካማ ጎኑ በእናንተ እጅ አለመሆኑ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ክሴ ትክክል ነው» ካለ ወደ አማራጭ ሀ ትመለሳላችሁ፤ ተጎጂ ከሆናችሁ ደግሞ ለበላይ ኃላፊው በጽሑፍ ማመልከት ነው።

*ሐ. ቀዳሚ ምርመራ*

በትክክል ከተናገርን ይሄ ተከሳሽ የሚመርጠው ነገር አይደለም። ግን ከዝውውር ጋር ስለሚምታታ እዚህ አስገብቼዋለሁ። በከባድ ግድያና በከባድ ውንብድና የወረዳ ፍርድ ቤት ምስክሮችን ሰምቶ ይመዘግባል፣ ከዚያ ተከሳሹን ለፍርድ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያስተላልፋል። ዳኛው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም አይልም። የፍርድ ሥልጣን የለውም፤ የመመዝገብ ሥልጣን ግን አለው።

ትልቁ ቁም ነገር የምስክር ቃል ነው። በኋላ ምስክሩ ቢሞት ወይም ጠፍቶ ባይገኝ፣ በቀዳሚ ምርመራ የሰጠው ቃል በዋናው ችሎት ሊነበብ ይችላል (ቁጥር 144)። ምስክሩ ሽማግሌ ወይም ጠና ያለ ሕመምተኛ ከሆነ ለተጎጂ ወገን ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ለተከሳሽ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። «ዋናው ክርክር ዞን ላይ ነው» ብላችሁ ወረዳው ላይ ያለ ጠበቃ አትቅረቡ።

*መ. የችሎት ቦታ ለውጥ*

እዚህ የሥር ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው። ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ከአድልዎ የፀዳ ፍርድ አይገኝም የሚል። ጥያቄው የሚቀርበው ለበላዩ ፍርድ ቤት ነው። ለኮምቦልቻ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማለት ነው። ለዞኑ መዝገብ ደግሞ መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደሴ ላይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምድብ ችሎት ማስገባት ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቁ።

ተጨባጭ ነገር ይፈልጋል። «ከተማው ሁሉ ተነሳብኝ» አይበቃም። ምስክሮች ተዝቶባቸው ለፖሊስ ያመለከቱበት ወረቀት፣ ችሎት ግቢ ውስጥ የተፈጠረ ሁከት፣ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ቅሬታችሁ በአንድ ዳኛ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከከሳሹ ወገን ጋር ዝምድና ካለው፣ መንገዱ ይሄ አይደለም። «ዳኛው ይነሱልኝ» የሚል አቤቱታ ነው፤ መዝገቡ እዚያው ግቢ ለሌላ ዳኛ ይሄዳል። ዳኛ ጠልቶ የችሎት ቦታ ለውጥ መጠየቅ ትንኝን በመድፍ እንደማባረር ነው።

*ሠ. ዝም ብሎ ቆይቶ በይግባኝ ማንሳት*

«ነጥቡን ለመጨረሻ እናስቀምጠው፣ ከተፈረደብን ያኔ እናወጣዋለን» የሚል ምክር በየሻይ ቤቱ ይሰማል። አልስማማም። ቢሳካ እንኳ የምታገኙት ነፃ መውጣት ሳይሆን ክሱን እንደ አዲስ መጀመር ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ድረስ ሰው ታስሯል፣ ምስክር ተጉላልቷል፣ ገንዘብ አልቋል። ባይሳካ ደግሞ «ለምን በጊዜው አላነሳችሁትም?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃችኋል።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | ለየትኛው ችግር | የሚወስነው | የተሰማ ምስክር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ. መቃወሚያ | ደረጃ፣ ቦታ፣ ፌዴራል | መዝገቡን የያዘው ዳኛ | በጊዜው ከተነሳ ገና አልተሰማም | ዝቅተኛ |
| ለ. በዐቃቤ ሕግ ማስተካከል | ደረጃና ፌዴራል፤ አልፎ አልፎ ቦታ | ዐቃቤ ሕግ፣ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ጋር | አዲስ ፍርድ ቤት ከሄደ እንደ አዲስ | ከሁሉም ዝቅተኛ |
| ሐ. ቀዳሚ ምርመራ | ከባድ ግድያ፣ ከባድ ውንብድና | ሕጉ ራሱ | ይመዘገባል፤ ሊተርፍ ይችላል | መካከለኛ |
| መ. የችሎት ቦታ ለውጥ | አድልዎና ሥጋት እንጂ የሥልጣን አይደለም | የበላይ ፍርድ ቤት | እንደ ሁኔታው | ከፍተኛ |
| ሠ. በይግባኝ | ለየትኛውም አይመከርም | ይግባኝ ሰሚው | ሊደገም ይችላል | ከሁሉም ከፍተኛ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ዘመዳችሁ ታስሮ ክሱ በዋስ የሚያስለቅቅ ከሆነ የሥልጣኑን ክርክር ከዋስትናው አታስቀድሙ። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች አቅርቡ። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ ነው (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 75)። ይህን ቀን በሥልጣን ክርክር ስትጨቃጨቁ እንዳያልፍባችሁ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ፣ ከባድ ክስ ላይ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምላችሁ ዳኛውን ጠይቁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መብት ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍም ማመልከቻ ለማዘጋጀት ይረዳል። ጥቂት ብር ካላችሁና ለአንድ ነገር ብቻ የምታወጡት ከሆነ፣ መቃወሚያውን ለሚጽፍ ጠበቃ አውጡት። ለሙሉ ክርክር የሚከፈለው በኋላ ይታሰብበታል።

ተከሳሹ ልጅ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት የተለየ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ልጁ በቀጥታ የሚወሰደው በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜውን የሚያሳይ የልደት ወይም የክትባት ካርድ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ከሥልጣን ክርክሩ በፊት እሱ ይታያል።

የተጎጂ ቤተሰብ ከሆናችሁ ከአማራጭ ለ ጀምሩ። ወንጀሉ በግል አቤቱታ የሚከሰስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰዓት እየቆጠረባችሁ ነው። አቤቱታው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ገብቶ «ትንሽ ታገሡ» ሲል ታገሡ፤ አቤቱታችሁን ግን አስገብታችሁ ታገሡ።

ነጋዴ ሆናችሁ ዕቃ ከተያዘባችሁ ሰው ያልታሰረ ቢሆን እንኳ መዝገቡ በየትኛው ሥልጣን እንደተከፈተ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ በክልል ነው ወይስ ደርቦ በሚሠራው የፌዴራል ሥልጣን? የይግባኙ መስመር በዚያ ስለሚወሰን ኋላ ላይ የተሳሳተ መስኮት ላይ ተሰልፎ ቀን ማሳለፍ አለ።

መዝገቡ በተዘጋ ቀን ደግሞ ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ያዙ። የብይኑን ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ፣ የቀድሞውን የመዝገብ ቁጥር፣ እና ስለ ታሳሪው የተሰጠውን ትዕዛዝ። አዲሱ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር መስኮት ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «የድሮው ቁጥር ስንት ነው?» ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ መጥቶ ቁጥር ፍለጋ የተመለሰ ሰው ይነግራችኋል።